ለሮይ ያልገለበጥኩለት ወረቀት

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ሊያን ከኤርፖርት ተቀብዬ በጋሃና ሰፈር በኩል ቤታችን ወዳለበት ወደ ዌስተርቪል ስንነዳ፣ ሃይዌዩ ቀይና ግራጫ ባንዲራ ባውለበለቡ መኪኖች ተሞልቶ አገኘነው። የከተማው ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የሚጫወትበት ቀን ነበር። ኮሎምበስ በመከር ቅዳሜ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ሐኪሙም፣ ዳኛውም፣ ቆሻሻ የሚያነሳውም አንድ ዓይነት ማልያ ለብሶ ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳል። ሊያ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናትና መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ለሚያልፉት ሁሉ እጇን ታውለበልባለች። እኔ ሬዲዮኑ ስለ ጨዋታው ማውራት ሲጀምር እጄን ሰድጄ አጠፋሁት።

"ዳዲ፣ ሁልጊዜ ለምንድነው ኦፍ የምታደርገው?" አለችኝ። "ስንት ዓመት እዚህ ኖረህ አንድ ጌም ቁጭ ብለህ አይተህ አታውቅም።"

ለሌላ ሰው የምሰጠው የተዘጋጀ መልስ አለኝ። ኳሱ እንቁላል ስለሚመስል አይገባኝም እላለሁ፤ ሰው ይስቃል፤ ነገሩ ያልፋል። ያን ቀን ግን መልሱ ከአፌ አልወጣ አለ። ጨዋታውማ ይገባኛል። ሕጉን ከነዝርዝሩ ያስተማረኝ ሰው ነበር።

ሮይ ይባላል። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ከከተማው በስተደቡብ ኦቤትስ ከምትባለው ትንሽ መንደር አጠገብ፣ የመኪና መለዋወጫ በሚከማችበት መጋዘን ውስጥ አብረን ሠርተናል። እኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከሱዳን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ስፖንሰርነት ከመጣሁ ገና ዓመት ከመንፈቄ ነው። ሥራዬ ከመደርደሪያ ዕቃ እየለቀሙ በካርቶን ማሸግ ነበር። ሮይ ስድሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ አንገቱ የወፈረ፣ ድምፁ የጎረነነ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነጂ ነው። በዚያ መጋዘን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ቲፎዞ ነው ብል ያንስበታል። ቡድኑ ሲሸነፍ ሰኞ ጠዋት ሰላም አይልም።

በምሳ ሰዓት ከእኔ ጋር መቀመጥ የጀመረው እሱ ነው። እኔ ብቻዬን አንድ ጥግ ይዤ ስበላ ወንበር ስቦ መጣና ስሜን ጠየቀኝ። ቴዎድሮስ ስለው አልያዘለትም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴድ ሆንኩ። ሚስቱ ዶና ከለውዝ ቅቤ የምትሠራቸው፣ በቸኮሌት የተነከሩ ትናንሽ ድቡልቡል ጣፋጮች ነበሩት። አንዱን ሰጠኝ። አመስግኜ በእጄ ያዝኩት እንጂ እሱ የራሱን ነክሶ እስኪውጥ ድረስ አፌ ውስጥ አልከተትኩትም። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን እንደ ብልህነት ነበር የቆጠርኩት።

ሮይ ሐሳብ የማይሰጥበት ነገር አልነበረም። ስለ ስፖርት ሲናገር፣ እነዚያ ሜዳ ላይ የሚጋጩ ልጆች ከእኛ በላይ ላብ የሚያፈስሱ ሠራተኞች ናቸው፣ ግን ሠራተኛ ተብለው አይጠሩም ይል ነበር። ጉልበታቸው ሲሰበር የሚያስታውሳቸው የለም፤ ስለዚህ ግድ ብሎ ክፍል ገብተው እንዲማሩ ማድረግ ያስፈልጋል ይላል። ስለ ትምህርት ሲያነሳ ድምፁ ዝቅ ይላል። እሱ ራሱ የዚያን ዩኒቨርሲቲ የመማሪያ ክፍል በር ረግጦ አያውቅም፤ የሚያውቀው ስታዲየሙን ብቻ ነው። ስለ ፖለቲካ ሲሆን ደግሞ ይቆጣል። ፕሬዚዳንቱን መርጬው ነበር፣ እነዚያን አድማ የመቱ የኤርፖርት ሠራተኞች ሲያባርራቸው ግን ዳኛው ለአንዱ ቡድን እንደሚጫወት ገባኝ አለኝ አንድ ቀን። ይህን ሁሉ የሚለው በምሳ ክፍሉ መሃል፣ ድምፁን ሳይቀንስ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንተስ ምን ትላለህ? በእናንተ አገር እንዴት ነው?" ይለኛል።

እኔ ትከሻዬን ሰብቄ ዳቦዬን እገምጣለሁ። እኔ ባደግኩበት ዘመንና ከተማ፣ ሳይጠየቅ መንግሥትን የሚያማልህ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ ጆሮ ጠቢ። እብዱ ቶሎ ይታወቃል፤ ጆሮ ጠቢው ግን እንደ ሮይ ደግ ነው፤ ያጋራሃል፤ ይስቃል፤ ሐሳብህን ይጠይቃል። ዓርብ ዓርብ ሥጋ እንደማልበላ ካየ በኋላ ዶና ባቄላ ብቻ የገባበት ሾርባ በቴርሞስ ትልክልኝ ጀመር። ሾርባው ትኩስ ነበር፤ ቃሪያ ስለገባበትም የአገር ቤት ምግብ ይቀርበዋል። እየጣፈጠኝ ስበላ ግን፣ ይህ ሰው ከእኔ የፈለገው ምንድነው የሚል ጥያቄ ከጉሮሮዬ አይወርድም።

መስከረም ላይ በፒክአፕ መኪናው ወደ ቤት ይወስደኝ ጀመር። አውቶቡሱ በሰዓት አንዴ ስለሚመጣ እምቢ ማለት አልቻልኩም። መንገዱ በሁለት በኩል የደረቀ የበቆሎ እርሻ ነው፤ አጫጆቹ ማሽኖች ያስነሱት አቧራ በመስኮት ይገባል፤ ፀሐይዋ ቀይ ሆና በእርሻው ላይ ትዘቀዘቃለች። ሮይ ያኔ ነው ጨዋታውን ያስተማረኝ። አራት ዕድል እንዳለህ፣ በአራቱ ዕድል አሥር ያርድ መሄድ እንዳለብህ በመሪው ላይ በጣቱ እየመታ ያስረዳኝ ነበር። እኔ እየሰማሁ፣ አሁን ቤቴን ሊያውቅ ነው እያልኩ አስባለሁ። ከግቢያችን ሁለት ብሎክ ቀደም ብዬ እወርድ ነበር።

በዚያው ወር ማለቂያ ላይ ሱፐርቫይዘራችን ዴኒስ አዲስ ደንብ ለጠፈ። እስከ ገና ድረስ ቅዳሜ መሥራት ግዴታ ሆነ፤ ሳያስፈቅድ የቀረ ከሥራው ይሰናበታል። ለሮይ ይህ ማለት የጨዋታ ቀኖቹን መነጠቅ ነው። ለእኔም ቀላል አልነበረም። በዚያ መከር በአንድ ኮሌጅ የሕንጻ ንድፍ ትምህርት ተመዝግቤ ነበር። ሠራተኛ ሊማርበት የሚችለው ክፍል ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ከክፍል ቀርቼ ካርቶን ሳሽግ ዋልኩ። ሥራውን ብተው ኪራይ የለም፤ ትምህርቱን ብተው ዕድሜ ልኬን ካርቶን አሻጊ ነኝ። ያን ቀን እጄ እየሠራ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ሮይ አንድ የታጠፈ ወረቀት ከጃኬቱ ኪስ አወጣ። በትልልቅ ፊደል፣ እንደ ሕፃን ጽሑፍ የተንጋደዱ ስድስት ሰባት መስመሮች አሉበት። ቅዳሜ በተራ ይሁን፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይረፍ የሚል አቤቱታ ነው። ሠራተኛው ሁሉ እንዲፈርምበት ይፈልጋል።

"አንተ የእጅ ጽሑፍህ እንደ ማተሚያ ነው" አለኝ። የመደርደሪያ መለያዎችን የምጽፈው እኔ ስለነበርኩ አይቶታል። "በጥሩ ወረቀት ገልብጥልኝ፤ እንግሊዝኛውንም አስተካክለው። መጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ። ከዚያ አንተ ትፈርማለህ፤ ቅዳሜ ክፍል አለህ አይደል?"

ወረቀቱን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። አየዋለሁ አልኩት። ክፍል እንዳለኝ መቼ ነገርኩት? ነግሬዋለሁ መሰለኝ፣ ምናልባት በፒክአፑ ውስጥ። ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ዕድሜ ልኩን እዚህ አገር ጋዜጣና ማስታወቂያ ሲያይ የኖረ፣ እዚሁ የተወለደ ሰው ይህን ያህል ፊደል ይስታል? ሆን ብሎ ያጣመመው መሰለኝ። በማግስቱ ከሥራ ስንወጣ ደግሞ ሮይን በመኪና ማቆሚያው ከዴኒስ ጋር ቆሞ አየሁት። ሁለቱም ይስቃሉ። ሮይ ከኪሱ አንድ ትኬት አውጥቶ ለዴኒስ ሰጠው፤ ዴኒስ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ያን ትኬት ለምን እንደሰጠው እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ያኔ የምኖረው ከጋሼ መኮንን ጋር ነው። ጋሼ መኮንን በአገር ቤት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበሩ፣ ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ሁለታችንንም ያመጣችን ያቺው ቤተ ክርስቲያን ስለሆነች አንድ አፓርትመንት ተጋርተናል። በዚያው ዕለት ማታ ራት ስንበላ ወረቀቱን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና ጠረጴዛው ላይ ጫፉን ይዘው መለሱት፤ ብዙ ሊነኩት እንዳልፈለጉ ያስታውቃል።

"ራሱ ለምን አይጽፈውም? እጁ ተሰብሯል?" አሉኝ።

የእጅ ጽሑፌን ወዶት ነው አልኳቸው። ትኬቱንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ስለ ታናሽ ወንድማቸው አወሩኝ። ከዚያ በፊት ወንድም እንደነበራቸው አላውቅም ነበር። ጓደኛዬ የሚለው ሰው አንድ ጽሑፍ እንዲገለብጥለት ለመነው፤ ገለበጠለት፤ በሦስተኛው ቀን ያ ወረቀት ቀበሌ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። ማን አሰበው፣ ማን አዘዘው የሚል ጥያቄ አልነበረም፤ የማን እጅ ነው የሚል ብቻ ነበር። "ወንድሜን ያስበላው የገዛ እጁ ነው" አሉኝ። "ይሄ ሰውዬ ወይ አንተን ይሰጣል፣ ወይ አለቃው ልኮታል። ቀድመህ ራስህን አጥራ።"

ይህን በመጻፌ ጋሼ መኮንንን መውቀሴ አይደለም። የሚያውቁትን ነው የነገሩኝ፤ ያወቁትም በወንድማቸው ነው።

ሌሊቱን ሳወጣና ሳወርድ አደርኩ። ረቡዕ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወደ ዴኒስ ቢሮ የሚወስዱትን የብረት ደረጃዎች ወጣሁ። ቢሮው መጋዘኑን ቁልቁል የሚያይ የመስታወት ክፍል ነው። ዴኒስ ቡናውን ይዞ ቆሟል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ሌሊቱን ሳጠናው ያደርኩትን ተናገርኩ። ይህን የሰጠኝ ሮይ ነው፤ እኔ አልጻፍኩትም፤ አልፈረምኩበትም፤ ሥራዬን እወደዋለሁ አልኩ።

ፊቱን አተኩሬ አየሁት። የጠበቅኩት ፈገግታ ነበር፤ ፈተናውን አለፍክ የሚል ፈገግታ። ዴኒስ ግን ወረቀቱን ሲያነብ ጆሮው እየቀላ ሄደ። ቡናውን አስቀምጦ እንደገና አነበበው። ምንም አያውቅም ነበር። ሮይን ማንም አልላከውም። ያ የገባኝ እዚያው ቆሜ ነው፤ ወረቀቱ ግን ከእጄ ወጥቷል።

ሌላ ማን አለበት ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩ፤ እውነቴን ነበር። ጥሩ አድርገሃል አለኝ። ከዚያ፣ ቅዳሜ ክፍል እንዳለህ ሰምቻለሁ፣ ሂድና ተማር፣ እኔ እፈቅድልሃለሁ አለ። ደረጃውን ስወርድ ሮይ ከታች ፎርክሊፍቱን እያሞቀ ነበር። እጁን አነሳልኝ። እኔም አነሳሁለት።

ሮይ ዓርብ ተባረረ። ስለ ወረቀቱ የተባለ ነገር የለም። በቀደመው ቅዳሜ ሳያስፈቅድ ቀርቷል፤ ደንቡ ይኸው ነው ተባለ። በዚያ ቅዳሜ የቀሩት አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ የተባረረው እሱ ብቻ ነው። ሎከሩን ባዶ አድርጎ ዕቃውን በአንድ ካርቶን ይዞ በየመደርደሪያው መሃል እየገባ ሠራተኛውን ሁሉ ጨበጠ። እኔ ጋ ሲደርስም ጨበጠኝ። ማወቅ አለማወቁን ከእጁ ልረዳ ሞከርኩ። አጨባበጡ ሌላውን ሰው ከጨበጠበት አልረዘመም፣ አላጠረም።

ቅዳሜ በተራ አልሆነም። ሌሎቹ እስከ ገና ሠሩ። እኔ በየቅዳሜው በአውቶቡስ ኮሌጅ እየሄድኩ መስመር ማስመር ተማርኩ። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፍኩ። ዓርብ ዓርብ ምሳዬን የምበላው ደግሞ ብቻዬን ነበር፤ ደረቅ ዳቦ።

ጥር ውስጥ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሮይን ቤት ፈልጌ ሄድኩ። በፒክአፑ ስናልፍ አሳይቶኝ ስለነበር መንገዱን አውቀዋለሁ። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ የቤተ ክርስቲያን ጫማዬ ውኃ አስገብቷል። በሩን የከፈተችው ዶና ናት። አይታኝ ባታውቅም ማን እንደሆንኩ ወዲያው ገባት። ገባ በል አለችኝ፤ ካፖርቴን ተቀበለችኝ፤ ፈገግ ግን አላለችም።

ሮይ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ከፊቱ የሥራ ማመልከቻ ቅጽ ተዘርግቷል። ዶና ወደ ቦታዋ ተመልሳ እስክሪብቶዋን አነሳች። እስከ ስንተኛ ክፍል ተምረሃል የሚለውን ጥያቄ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችለት፤ እሱ አራተኛ ብሎ መለሰ፤ እሷ ጻፈች። ያኔ ነው ያየሁት። የተንጋደዱት ፊደሎች እውነተኛ የሮይ ፊደሎች ነበሩ።

ቁጭ አልኩና "ወረቀቱን ለዴኒስ የሰጠሁት እኔ ነኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "የተባረርኩ ቀን ዴኒስ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነበር። የጻፍኩት አንድ ነው፤ የሰጠሁትም ለአንተ ብቻ ነው።"

ሲጨብጠኝ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ዶና ቀና ሳትል፣ "እኔ አልጽፍልህም ብዬው ነበር፤ ሥራህን ታጣለህ ብዬው ነበር" አለች። ወደ እኔ የመጣው ለዚህ ነበር።

ሮይ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ማን መስዬህ ነው?" አለኝ። ሲጠይቅ አልተቆጣም። ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀው።

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ቀበሌ ስብሰባ፣ ሌሊት ስለሚወሰዱ ሰዎች፣ ስለ ጋሼ መኮንን ወንድም፣ ስለ ትኬቱ፣ ጣፋጩን ሳይቀር። ደጋግ ሰዎችን ለምን እንደምፈራ ነገርኩት።

"እኔ ያን አላውቅም" አለ በመጨረሻ። "እኔ የማውቀው ቅዳሜን ነው።" ከዚያ ትምህርቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ዴኒስ ፈቅዶልኝ እየተማርኩ ነው፣ የመጀመሪያውንም ፈተና አልፌያለሁ አልኩት። ዶና መጻፏን አቆመች። ሮይ መስኮቱን እያየ፣ "እንግዲያው ከሁለታችን አንዳችን ቅዳሜን አግኝተናል" አለ።

ዶና ካፖርቴን አመጣችልኝ፤ ሮይ ከተቀመጠበት አልተነሳም። አውቶቡሱን ስጠብቅ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። ከዓመት በኋላ አንድ የመጋዘን ባልደረባችን እንደነገረኝ፣ ሮይ ከስታዲየሙ አጠገብ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ሆኖ ተቀጥሮ፣ ጨዋታ ባለ ቅዳሜ ሁሉ ውጭ ቆሞ ጩኸቱን ይሰማል። እውነት ይሁን አይሁን ሄጄ አላየሁም። እኔ በዚያ በተማርኩት ሙያ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሕንጻ ንድፍ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ቤቴንም፣ የሊያን ትምህርትም ያቆመው ይኸው ሙያ ነው።

ይህን ሁሉ ለሊያ ነግሬ ስጨርስ ቤታችን ደርሰን መኪናው ጋራዥ ውስጥ ቆሟል። ሊያ ቀበቶዋን አልፈታችም።

"ሶሪ ብለኸዋል?" አለችኝ።

"ቤቱ ድረስ ሄጄ ነገርኩት እኮ" አልኳት።

"ዳዲ፣ እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።"

ሻንጣዋን ይዛ ገባች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ያን የእሑድ ከሰዓት ንግግር በሐሳቤ ቃል በቃል ደገምኩት። ምክንያቴን በሙሉ ነግሬዋለሁ፤ የአገሬን ታሪክ፣ የሰው ወንድም ሞት ሳይቀር ጠረጴዛው ላይ ዘርግፌለታለሁ። አውቶቡስ ውስጥ የሰው እግር ስረግጥ እንኳ የምላትን ያቺን አጭር ቃል ግን አልተናገርኳትም። ሮይ ዛሬ በሕይወት ቢኖር መቶ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ አይኖርም። ጥርጣሬን ከአገሬ ይዤው መጣሁ ብዬ ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ፤ እውነትም ነው። የዴኒስን ደረጃ የወጣሁት ግን እዚህ ነው፤ ማንም ሳይገፋኝ፣ በራሴ እግር።